«ቲቸር፣ ዳቦ ሳይኖር ሮቦት?»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፤ የሌለው ለማታ ያስቀምጠው።

ባለፈው የክበባችን ልጆች ከጥርስ ብሩሽ የሠሯትን ሚጢጢ ሮቦት ፎቶ ለጥፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ አበረታታችኋል፣ ተባረኩ። ከአስተያየቶቹ መካከል ግን ሁለቱ መልስ ይፈልጋሉ። አንዱ «ቲቸር፣ ዳቦ ሳይኖር ሮቦት?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው፣ ለእኛ 12ኛ ክፍልን የሚያሳልፈን ይበቃናል» ይላል። ሁለቱንም የጻፉት ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ግን በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ነው እዚህ የመጣሁት።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሮቦቲክስ አልተማርኩም። ዲፕሎማ ያለኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የማውቀው በስልኬ ዳታ ሲኖረኝ ያነበብኩትንና ከልጆቹ ጋር እየሞከርን ያየነውን ነው። ስለዚህ የባለሙያ ትንታኔ ሳይሆን የአንድ መምህር አስተያየት ብላችሁ ውሰዱት።

አቋሜን ከላይ ላስቀምጠው። ለወላይታ ልጅ የሚሆን ሮቦቲክስ አለ። እሱም ሰው የሚመስለው ትልቁና ውዱ ሮቦት ሳይሆን ጉንዳን፣ ንብ፣ ምስጥና ጥንዚዛ እየታየ የሚሠራው ትንሹ ሮቦት ነው። ይህንን ለመጀመር የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ደግሞ በእጃችን አለ፤ እየረገጥነው ነው የምንሄደው።

ሮቦት ሲባል አብዛኞቻችን ሰው የሚመስል ማሽን ነው የሚታየን። ሶፊያን ታስታውሳላችሁ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ወሬው ሁሉ እሷ ነበረች። የሶፍትዌሯ የተወሰነ ክፍል አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ፣ በእኛው ልጆች እጅ መሠራቱ ያኮራል፤ እኔም ኮርቻለሁ። ግን ሶፊያ ሶዶ ላለ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምን አለችው? «እየኝ እንጂ አትንካኝ» ነው ያለችው። ፊቷን፣ ዓይኗን፣ እጇን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃና ገንዘብ እኛ ሰፈር የለም። ስለዚህ ልጁ ሮቦትን እንደሚያልፍ አውሮፕላን አይቶ፣ እጁን አውለብልቦ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ እንምጣ።

አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮበርት ዉድ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሮቦቢ የተባለች ሰው ሠራሽ ንብ ሠርቷል። ክብደቷ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ይርገበገባል። በዚህ መጠን እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር ሞተር አያዋጣም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚታጠፍ ቀጭን የሴራሚክ ቁራጭ ጡንቻ አደረጉላት። እ.ኤ.አ. በ2013 በቁጥጥር ሥር ሆና መብረሯ ትልቅ ዜና ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የበረረችው በቀጭን ሽቦ ታስራ ነው። ባትሪ ብትሸከም መነሳት አትችልም፤ ኃይሉ ከመሬት በሽቦ ነበር የሚላክላት።

ልጅ ሆናችሁ ጥንዚዛ በክር አስራችሁ ያበረራችሁ እጃችሁን አውጡ! አያችሁ? ነገሩ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እኛ ክሩን የምናስረው እንዳትጠፋብን ነው፤ እነሱ ሽቦውን ያሰሩት እንዳትራብባቸው ነው።

ሮቦቢ ያለ ሽቦ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አራት ክንፍ ተሰጣት፣ አናቷ ላይ ሚጢጢ ሶላር ተገጠመላት፣ ከፀሐይ ብርሃን ሦስት እጥፍ ገደማ በሚሆን መብራት ሥር ተነሳች። ለምን ያህል ጊዜ በረረች? ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ መሐንዲሶች ስንት ዓመት ለፍተው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ! ጓሯችን ያለችው ንብ ግን የአበባ ወለላ ቀምሳ ኪሎ ሜትሮችን ትበራለች፣ ቤቷን ሳትስት ትመለሳለች፣ ቀፎ ገብታም አበባው በየት በኩልና በምን ያህል ርቀት እንዳለ ለእህቶቿ በጭፈራ ትነግራለች። ይህን ጭፈራ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል ተሸልሞበታል። ንቧ ይህን ሁሉ የምትሠራው 1 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል ባለው አንጎል ነው። የእኛ 86 ቢሊዮን ገደማ ነው።

እንግዲህ ሳይንቲስቶቹን የሳባቸው ይህ ነው፤ ትንሽ አንጎል፣ ብዙ ሥራ። እንዴት?

መልሱን በተግባር ካሳዩት አንዱ በኤም.አይ.ቲ. የነበረው ሮድኒ ብሩክስ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጌንጊስ የሚባል ባለ ስድስት እግር ሮቦት ሠራ። በዚያ ዘመን ሮቦት መጀመሪያ ዙሪያውን አይቶ ካርታ ይሥራ፣ ከዚያ ያስብ፣ ከዚያ ይራመድ ነበር የሚባለው። ኮምፒውተሩ አስቦ ሳይጨርስ ቀኑ ይመሻል። ብሩክስ ይህንን ትቶ እንደ ነፍሳት አደረገው። እያንዳንዱ እግር የራሱ ቀላል ሕግ አለው፦ «እንቅፋት ከነካህ ከፍ በል፣ ሌላው ሲነሳ አንተ ተደገፍ።» ከላይ ሆኖ ሁሉንም የሚያዝ አለቃ የለም። ሮቦቱ ግን ወጣ ገባውን ተራመደ። ይኸው ሰው በኋላ አብሮ የመሠረተው ድርጅት ነው ሩምባ የምትባለዋን ቤት የምትጠርግ ክብ ሮቦት ያወጣው። ከበረሮ አካሄድ ወደ ቤት ጽዳት ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ብዛት ነው። ጉንዳን ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ አንድ ላይ ግን መንገድ ታወጣለች። ጓሯችሁ ውስጥ ስኳር አስቀምጡና እዩ። መጀመሪያ አንዷ በአጋጣሚ ታገኘዋለች። ስትመለስ መሬት ላይ ጠረን ትጥላለች። ሌላዋ ጠረኑን ተከትላ ትመጣለች፣ እሷም ትጥላለች። ሁለት መንገድ ቢኖር በአጭሩ የሄዱት ቶሎ ስለሚመላለሱ የአጭሩ መንገድ ጠረን ይበረታል፤ የረጅሙ ይተንናል። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩ ሁሉም በአጭሩ መስመር ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ሜትር ይዞ አልለካም። እ.ኤ.አ. በ1992 ማርኮ ዶሪጎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ይህንኑ ሕግ በዶክትሬት ሥራው ወደ ኮምፒውተር ስሌት ቀየረው። ዛሬ የጭነት መኪኖች በየት በየት ዞረው ዕቃ ቢያደርሱ ይሻላል የሚለውን ለመሰለ ስሌት ይጠቀሙበታል።

ምስጥንም ተመልከቱ። የኩይሳው መሐንዲስ ማን ነው? ንግሥቲቱ አይደለችም፤ የእሷ ሥራ እንቁላል መጣል ነው። ደቦ እንኳ ጠሪ አለው፤ ምስጥ ግን ጠሪም አሠሪም የላትም። አንዷ ያስቀመጠችው ጭቃ ለሚቀጥለው ምስጥ መልእክት ነው፤ «እዚህ ላይ ጨምሪ» ይላታል። ሥራው ራሱ ሠራተኛውን ያዛል ማለት ነው። ይህንን ከሃርቫርድ የመጡ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጀስቲን ዌርፌል፣ ክርስቲን ፒተርሰንና ራዲካ ናግፓል፣ ወደ ሮቦት ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳዩት ሮቦት ጡብ ተሸክሞ፣ ሌላው ባስቀመጠው ጡብ ላይ ወጥቶ፣ የራሱን ያስቀምጣል። እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ግንቡ ግን ይቆማል። የምስጡን ሥራ ለማጥናት ቡድኑ ናሚቢያ ድረስ ሄዷል። አፍሪካ ድረስ! እኛ ሁምቦ ስንወርድ መንገድ ዳር የምናየውን ኩይሳ ሌላው ውቅያኖስ አቋርጦ ነው የሚያየው።

በዚያው ዓመት ናግፓልና ባልደረቦቿ ሌላ ነገር አሳዩ። ኪሎቦት የሚባሉ 1,024 ሮቦቶች ያለ አለቃ በራሳቸው ተሰልፈው የኮከብ ቅርጽ ሠሩ። እያንዳንዱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የዕቃ ወጪው ደግሞ ወደ 14 ዶላር ነው። እንዴት ነው የሚሄዱት? ጎማ የላቸውም። በቀጫጭን ቀጥ ያሉ እግሮች ላይ ቆመው፣ ስልካችን ሲጠራ የሚያንቀጠቅጠውን ዓይነት ቫይብሬተር ይዘው እየተንቀጠቀጡ ነው የሚሄዱት።

ቫይብሬተር! ይህንን ሳነብ ነው ከመቀመጫዬ የተነሳሁት። ሶዶ ውስጥ ሞባይል ጠጋኞች ጋ ብትሄዱ የሞተ ስልክ በካርቶን ነው ያለው። ናግፓል ራሷ ያደገችው ሕንድ፣ አምሪትሳር ከተማ ነው። የተወለደችው ሃርቫርድ በር ላይ አይደለም።

አሁን ልጆቹ የሠሯት ሮቦት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ መሥራት የሚፈልግ ይሥራ። የጥርስ ብሩሽ ጭንቅላቱ ይቆረጣል። ከድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ቫይብሬተሩ ይወጣል። ከተበላሸ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት 3 ቮልት ባትሪ ትነሳለች፣ ገና ጉልበት ካላት። ሁለቱ በፕላስተር ብሩሹ ጀርባ ላይ ይጣበቃሉ፣ ሽቦው ይገናኛል፣ ጠረጴዛ ላይ ይለቀቃል። በቃ ሄደ! ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ለምን ወደ ግራ ታዞራለች? የብሩሹን ፀጉር ወደ ኋላ ብናስተኛው ምን ይሆናል? ባትሪው ወደ ፊት ቢሆንስ? ሰበቃ፣ የክብደት ማዕከል፣ ሞገድ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ የማስተኛቸው ምዕራፎች ጠረጴዛው ላይ ይሯሯጣሉ።

ቀጣዩ ደረጃ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ብርሃን የሚለይ ሴንሰር፣ ሌላ ምንም። የግራውን ሴንሰር ከግራው ሞተር፣ የቀኙን ከቀኙ ካገናኛችሁ መኪናዋ ከብርሃን ትሸሻለች፤ ብርሃን ያየው ጎን ይፈጥንና ወደ ሌላው ያዞራታል። ሽቦውን አጠላልፋችሁ የግራውን ከቀኙ ብታገናኙ ደግሞ ወደ ብርሃኑ ትሮጣለች። ያው ዕቃ ነው። የተለወጠው ሽቦው ብቻ ነው። የሚያይ ሰው ግን «ፈራች»፣ «ተናደደች» ይላል። ማታ አምፖል የምትከብ የእሳት እራት ውስጥ ምን እንዳለ ልጅ በዚህ መንገድ ማሰብ ይጀምራል።

ወደ ዳቦው ልምጣ።

«ዳቦ ሳይኖር ሮቦት?» የሚለው ሰው ሮቦትና ዳቦ የተጣሉ አድርጎ ያያቸዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከዳቦ የሚያጣሉን ብዙዎቹ ነገሮች እኮ ነፍሳት ናቸው። በቆሎውን የሚበላው መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ ያደረሰውን ገበሬዎቻችን ያውቃሉ። በቆላው ከብት የሚገድለውን ገንዲ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ናት። እንሰታችን ሥር ላይ ነጭ ሆና ተጣብቃ የምትመጥጠውን ተባይም ተመልከቱ። ጉንዳኖች ከእሷ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ይንከባከቧታል፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ለመዛመትም ያግዟታል። ጉንዳን የት እንደሚሄድ የማወቅ ጉዳይ እኛ ዘንድ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም፤ የቆጮ ጉዳይ ነው።

ወባስ? የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ ከ1,100 በላይ ሞተዋል። እኔ ክፍል ውስጥ በወባ ምክንያት ባዶ የሚሆኑ ዴስኮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በስታንፎርድ የማኑ ፕራካሽ ቡድን አንድ ነገር አሳየ። የትንኝ ክንፍ ድምፅ እንደየዝርያው ይለያያል፤ ይህንን ድምፅ ተራ ሞባይል፣ ያ የድሮው ርካሽ ስልክ እንኳ፣ መቅዳት ይችላል። ስለዚህ የትኛዋ ትንኝ የት ሰፈር እንዳለች በስልክ መለየት ይቻላል ማለት ነው። አስቡት፤ በየቀበሌው ያሉ ተማሪዎች ማታ ማታ የትንኝ ድምፅ ቢቀዱ። ሮቦት አይሆንም? ይሆናል። ጆሮ ያለው፣ የሰማውን የሚለይ፣ በራሱ የሚቆጥር ትንሽ ዕቃ ቆላ ቀበሌ ላይ ቢሰቀል እሱም ሮቦት ነው። እግር ባይኖረውም።

ከመጠን በላይ ቃል መግባት ግን አልፈልግም። የጥርስ ብሩሽ ሮቦት ተምች አይገድልም። ሮቦቢም እንሰት አታድንም። ገና ከአንድ ሰከንድ በታች የበረረች ነገር ናት። እኔ የምለው፣ የእነዚህን ተባዮች ነገር የሚፈታ ሰው መነሻው ነፍሳትን በትዕግሥት ማየት፣ መቁጠር፣ መሞከር ነው። ያ ሰው ደግሞ ከእኛ ልጆች መካከል ካልወጣ ከየት ይመጣል? ለቦዲቲ እንሰት የሚጨነቅ ቦስተን ውስጥ ማን አለ?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቻይና ሠርታ ጨርሳዋለች፣ እኛ ምን አደከመን» የሚለው ነው። የተሠራውን እንግዛ፣ ችግር የለውም። ግን የሚገዛ ሰውም የገዛው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ የመጣ የሮቦት ኪት አለ። ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ደግሞ ንብረት ክፍል ነው ያለው። «ይጠፋል» ተብሎ ነው የተቆለፈው። አልጠፋም፣ እውነት ነው። ልጆቹ ግን ሳያዩት ተመረቁ። የተቆለፈ ኪትና የሌለ ኪት ለተማሪ አንድ ነው። የጥርስ ብሩሽ ሮቦት አንዱ ጥቅሟ ማንም የማይቆልፍባት መሆኑ ነው። ብትሰበርም የሚቆጣ የለም።

ሦስተኛው ደግሞ ከሃይማኖት አባቶችም ከወላጆችም የምሰማው ነው፦ «ንብን በማሽን ልትተኩ ነው ወይ?» ይህንን ፍርሃት እኔም እጋራዋለሁ። ሰው ሠራሽ ንብ አበባ ታዳቅላለች የሚል ወሬ ብዙ ቦታ ይጻፋል። እኔ በግሌ ንቡን አጥፍቶ የብረት ንብ መሥራት የእብድ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሀገራችን በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ንባችንን ከኬሚካል ርጭት መጠበቅ ከማንኛውም ሮቦት ይቀድማል። የንብን ድንቅነት ለልጅ ለማሳየት ግን ንብ ለመሥራት ሞክሮ እንደ መድከም ያለ ትምህርት የለም። ሚሊዮን ብር ወጥቶባት አንድ ሰከንድ የማትሞላን ነገር ያየ ልጅ ጓሮው ያለችውን ንብ በፊት እንደሚያያት አያያትም።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ትልልቅ የአፍሪካ ጥንዚዛዎች ላይ ሽቦና ሬዲዮ ገጥመው በሪሞት አበረሯቸው። ሳይንሱ ይገርማል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለውን ፍጡር እንደ አሻንጉሊት መንዳት ለልጆች የማስተምረው ነገር አይደለም። በክር የምናስረው ጥንዚዛም ቢሆን ሲመሽ ይፈታ ነበር። ድሮን የሚለው ቃልም እኛ ሀገር ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። ትንንሽ ሮቦቶች ተሰብስበው መንጋ ሆነው ለጦርነት ሊውሉ እንደሚችሉ ልጆቹ ራሳቸው ጠይቀውኛል። መልሴ ይህ ነው፦ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሕዝብ «ይህ አይሁን» ብሎ መከራከርም አይችልም።

አሁን «12ኛን የሚያሳልፈን ይበቃናል» ወዳለው ልሂድ። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህ የሀገር ቁጥር ነው። ያላለፉት ልጆች ቁጥር አይደሉም፤ ስማቸውን አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬ አዲስ አበባ ሊስትሮ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሎተሪ ያዞራሉ፣ አንዳንዶቹ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ይነዳሉ። ሥራ ክቡር ነው፤ አልናቅኩም። ግን እንጠያየቅ፤ እስካሁን በሽምደዳ ሄደን ያመጣነው ውጤት ይኸው ነው። መጽሐፉ «ነፍሳት ስድስት እግር፣ ሦስት የሰውነት ክፍል አላቸው፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ» ይላል። ልጁ ይሸመድዳል፣ ይጽፋል፣ ይረሳል። ስድስት እግር ለምን? ሦስቱ ሲነሱ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ስለሚቆሙ ነው፤ ሦስት ጉልቻ ደግሞ አይወድቅም። ይህንን ባለ ስድስት እግር ሮቦት ለመሥራት የሞከረ ልጅ በሕይወቱ አይረሳውም። ፈተና ላይ ቢመጣም ይሠራዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከፈተናውም በላይ ሌላ ነገር ነው። ክፍሌ ውስጥ ነፍሳትን አብልጦ የሚያውቀው ማን መሰላችሁ? ኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚመጣው፣ እንግሊዝኛ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋው ልጅ ነው። ገብረ ጉንዳን ከመዝነቡ በፊት በየት እንደሚወጣ፣ ንብ የትኛውን አበባ በየትኛው ወር እንደምትወድ፣ ምስጥ የትኛውን እንጨት እንደማይነካ እሱ ያውቃል። እኛ ግን ያንን እውቀት ትምህርት ነው ብለን አልነገርነውም። ይባስ ብሎ «የገጠር ነገር» አልነው። ሌላው ዓለም ለዚህ እውቀት ገንዘብ መድቦ ናሚቢያ ይሄዳል፤ ቱኒዝያ በረሃ ወርዶ ጉንዳን እንዴት ቤቷን እንደምታገኝ ያጠናል። ማርሴይ የሚገኙ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የዚያችን የበረሃ ጉንዳን ዘዴ ተከትለው አንትቦት የሚባል ሮቦት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አደረጉ። ያለ ጂፒኤስ፣ የሰማዩን ብርሃን አቅጣጫ አይቶና እርምጃውን ቆጥሮ፣ 14 ሜትር ተጉዞ በ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ብቻ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። የእኛ ኋላ ወንበር ልጅ እውቀቱ የዚህ ዓይነት ሳይንስ መነሻ መሆኑን ቢያውቅ አንገቱን ይደፋ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ የምጠይቀውን ልዘርዝር።

ለመምህራን ባልደረቦቼ፦ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። በአንዱ ውጡና እዩ፣ በሁለተኛው ሥሩ። ባዮሎጂና ፊዚክስ መምህር አንድ ላይ ይግቡ። ላብራቶሪ የለንም ማለት እውነት ነው፤ ግን ጓሮ የለንም ማለት አንችልም። ከዳሞታ ግርጌ ተቀምጠን ጓሮ የለንም?

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፦ ብዙ ገንዘብ አልጠየቅንም። የተቆለፉት ኪቶች ይከፈቱ። የተሰበረ ዕቃ መምህሩን ዕዳ ውስጥ የሚከት ከሆነ ማንም መምህር ካርቶን አይከፍትም። ለትምህርት የዋለ ዕቃ ሊሰበር እንደሚችል በደብዳቤ ይጻፍልን፤ እሱ ብቻ ስንት ቁም ሳጥን ይከፍታል!

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን፦ ሶዶ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ አረካ ደግሞ እንሰት የሚያጠና የእርሻ ምርምር ማዕከል አለን። ተማሪው ወደ እናንተ እስኪደርስ አትጠብቁ። አንድ ሳጥን ዕቃ በወር አንዴ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢዞር፣ አንድ ነፍሳት አጥኚ በዓመት አንዴ ክፍላችን ቢገባ፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያወሩታል።

የሮቦት ውድድር ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ ውድድሩ ውድ ኪት የገዛ የሚያሸንፍበት አይሁን። «ከወዳደቀ ዕቃ ብቻ» የሚል ምድብ ክፈቱ። የሞተ ስልክ፣ የተጣለ ሬዲዮ፣ ሽቦ። በዚያ ምድብ ላይ እኛን አምጡንና እንተያይ። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ከአፍሪካ ውድድር ሲያስወጣ በበጀት በልጦ መሰላችሁ?

አዲስ አበባና ውጭ ሀገር ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ገንዘብ አልጠይቃችሁም። የሞቱ ስልኮቻችሁን አትጣሉ፤ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሰው ላኩ። ፕሮግራሚንግ የምታውቁ ደግሞ በሳምንት ግማሽ ሰዓት በቴሌግራም ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ልጆቼም ተመዝግበዋል። ነገር ግን ስክሪን ላይ የተማሩት ኮድ የሚነዳው፣ የሚሄድ፣ የሚጋጭ፣ የሚወድቅ ነገር ሲያገኝ ነው ደም የሚኖረው።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉንዳን ሲያይ «ሥራ ፈት» አትበሉት። ምን እንዳየ ጠይቁት። በወላይትኛ ይንገራችሁ፣ ስሙንም በወላይትኛ ይጥራው። ነፍሳት እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እነሱን ለማየት የሚያስፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ለተማሪዎቼ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። እነዚያ 1,024 ሮቦቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፣ ይሳሳታል፣ ይወድቃል፤ አንድ ላይ ግን ኮከብ ይሠራሉ። ትንሽ መሆን አያሳፍርም፤ ከትንሽ ከተማ መሆንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አጠገባችን ያለውን ሳናይ መቅረት ነው።

የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ፤ መምህር መሆኔ አይቀርም። የሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም አንድ የጉንዳን መስመር ፈልጉ። መሐል ላይ አንድ ቅጠል አስቀምጡና በስንት ደቂቃ አዲስ መንገድ እንደሚያወጡ ቁጠሩ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን ከዚህ ሥር ጻፉልኝ። የሶዶው፣ የአረካው፣ የበሌው፣ የአዲስ አበባው፣ የዋሽንግተኑ ይለያይ እንደሆነ አብረን እናያለን። ሠንጠረዡን እኔ እሠራዋለሁ።

ያልተስማማ ይጻፍ፣ እንከራከር። በክርክር የተቀየመ መምህር የለም።